የጠንቋይዋ አፍንጫ

የዛሬው ወጋችን የሚጀምረው ከቡና ላይ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ደሴ፣ እናቴ ቤት። የደሴን ቅዳሜ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ከጦሳ የወረደው ጉም በር ላይ ቆሞ «ልግባ ወይስ ልመለስ?» የሚል ይመስላል። እኔ ሳምንቱን ሙሉ ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ ሠርቼ፣ ሐረጎን በሚኒባስ ተጠማዝዤ ስወጣ፣ ያ ጋቢ የሚያስደርብ ብርድ እንኳን ይናፍቀኛል።

ጀበናው ተጥዷል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ፈንዲሻው ሰፌድ ላይ ነው። በሩ ተንኳኳ። ጎረቤታችን እማማ ናቸው። በሰፈራችን ትንሹም ትልቁም እማማ ነው የሚላቸው፤ እኔም ዛሬ እንደዚያው ልጥራቸው። ሰማንያን ሳያልፉ አልቀሩም። ከዘራቸውን ተደግፈው፣ ጥቁር ሻሻቸውን እስከ ግንባራቸው አውርደው፣ ጎበጥ ብለው ገቡ። አገጫቸው ላይ ሁለት ሦስት ነጫጭ ፀጉር አለ፤ ከፊት ጥርሳቸው የቀረው አንድ ነው። «እንዴት ዋላችሁ ልጆቼ» ብለው ደጃፉን ገና ሳያልፉ፣ የሰባት ዓመቱ የእህቴ ልጅ ከምንጣፉ ብድግ ብሎ ከአያቱ ጀርባ ተወሸቀ። ከዚያም ቤቱ ሁሉ በሰማው ድምፅ፣ «ጠንቋይዋ መጣች!» አለ።

ቤቱ ጸጥ አለ። የጀበናው መንተክተክ ብቻ ይሰማል። እህቴ የምትገባበት ጠፋት። እናቴ «አንተ!» ብላ እጇን አነሳች። እማማ ግን ሳቁ። «ተይው፣ አትምቺው፣ ልጅ አይደል» አሉና ተቀመጡ። እንደ ወትሮው ሊመርቁትም ጠሩት። ሁልጊዜ ሲገቡ ጭንቅላቱን በመዳፋቸው ይዘው «እደግ ተመንደግ» ይሉትና እንትፍ እንትፍ ይሉበታል። አልሄደም። የተዘረጋው እጃቸው አየር ላይ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ ተመልሶ ከዘራቸው ላይ አረፈ።

ያ ተመልሶ ያረፈ እጅ ነው ይህን ያጻፈኝ።

አረንጓዴዋ ሴትዮ

ማታ ላይ ልጁን ለብቻው ይዤ «ማን ነው እማማን ጠንቋይ ያለህ?» አልኩት። በአፉ አልመለሰልኝም። ዱባይ ያለችው ታናሽ እህታችን ለእረፍት ስትመጣ ያመጣችለትን፣ የድሮ ጌሞች የተጫኑበትን የእጅ መጫወቻ አምጥቶ አበራውና፣ «ይቺን አታውቂያትም? ግራንቲ እኮ ናት!» አለኝ።

ጨዋታው ባንጆ-ካዙዊ ይባላል። ሬር የተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ ለኒንቴንዶ 64 ሠርቶት እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ ነው። በ2000 እና በ2008 ተከታዮቹ መጥተዋል። ታሪኩ ቀላል ነው። ባንጆ የተባለ ድብ ካዙዊ የተባለችውን ወፍ በጀርባ ቦርሳው ይዞ ተራራ ይወጣል፣ ውኃ ይሻገራል፣ በረዶ ላይ ይንሸራተታል። የሚለፋው ታናሽ እህቱን ቱቲን ለማስለቀቅ ነው። ጠላፊዋ ሙሉ ስሟ ግራንቲልዳ የሆነ ጠንቋይ ናት። ግራንቲ የሚናገር ድስት አላት። አንድ ቀን «ከሁሉ ቆንጆ ማን ናት?» ብላ ስትጠይቀው ድስቱ የቱቲን ስም ይጠራል። ያኔ በመጥረጊያዋ ላይ ተቀምጣ ትበራለች፣ ልጅቷን ነጥቃ ወደ ዋሻዋ ትመለሳለች። ሐሳቧ የቱቲን ቁንጅና በማሽን ወደ ራሷ ማዛወር ነው።

መልኳን ልንገራችሁ። ቆዳዋ አረንጓዴ ነው። አፍንጫዋ ረጅም፣ አገጯ ሹል፣ ጥርሷ የተበላሸ። ጥቁር ቀሚስ ለብሳለች፣ ሹል ባርኔጣ ደፍታለች። አንድ ተሰጥኦም አላት፤ የምትናገረው ሁሉ ቤት ይመታል። ስትሳደብ እንኳ ቤት እያስመታች ነው የምትሳደበው።

እውነቱን ለመናገር፣ አይቼ ሳቅሁ። ጨዋታው ደም የለበትም፣ አሜሪካ ውስጥ የጌሞችን የዕድሜ ደረጃ የሚያወጣው አካልም ለሁሉም ዕድሜ ይሆናል ብሎ የመደበው ነው። ከዚያ ግን የቀኑን የቡና ሥነ ሥርዓታችንን በእህቴ ልጅ ዓይን አየሁት። የእማማ ከዘራ የመጥረጊያው እንጨት ሆነ። ጥቁሩ ሻሽ ባርኔጣው ሆነ። የሚንተከተከው ጀበና የግራንቲ ድስት፣ የዕጣኑ ጭስ የአስማቷ ጭስ ሆነ። ልጁ አልባለገም። ያስተማሩትን ምልክት ነው አንድ በአንድ ያነበበው።

ሦስት ሰከንድ

ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ የዚህን ምልክት አሠራር እንግዳ ነኝ ማለት አልችልም። መንገድ ዳር የተሰቀለ ቢልቦርድ በሚኒባስ ለሚያልፍ ሰው መልእክቱን የሚያደርሰው በሁለት ሦስት ሰከንድ ነው። በዚያች ጊዜ አዲስ ነገር ማስረዳት አይቻልም። ስለዚህ ሰው ልብ ውስጥ አስቀድሞ የተቀመጠ ነገር ፈልገን እንነካለን። እናት፣ ቤት፣ በዓል፣ ውበት። ጌም ሠሪዎችም ያው ችግር አለባቸው። ልጁ ቁልፉን ሳይጫን ክፉዋ ማን እንደሆነች ማወቅ አለበት። «ይቺ ሴት ክፉ ናት፣ ምክንያቱም…» ብለው የሚተርኩበት ጊዜ የላቸውም። አፍንጫዋን ያስረዝማሉ፣ በቃ።

አፍንጫውን ደግሞ ከባዶ አልፈጠሩትም። ቁንጅናዋን የምትጠይቅ ክፉ ንግሥት የጀርመኖቹ የግሪም ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1812 ማሳተም በጀመሩት የተረት መጽሐፍ ውስጥ አለች፤ የጠየቀችው መስተዋት ነበር፣ ጌሙ ድስት አደረገው። ዲዝኒ ያንኑ ተረት በ1937 ፊልም ሲያደርገው፣ ንግሥቲቱ ለመግደል ስትነሳ የምትለወጠው ወደ ጎባጣ አሮጊት ነው። አረንጓዴው ቆዳ ደግሞ በ1939 ከወጣው «የኦዝ ጠንቋይ» ከተባለው ፊልም የመጣ ነው።

ከተረቱ በስተጀርባ ግን እውነተኛ ሰዎች አሉ። አውሮፓ ውስጥ ከ15ኛው እስከ 18ኛው ክፍለ ዘመን ባሉት ዓመታት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ጠንቋይ ናችሁ ተብለው ተገድለዋል። አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ፤ ብዙዎቹም ያረጁ፣ ባል የሞተባቸው፣ ጠያቂ የሌላቸው። ያ ጎባጣ መልክ ዛሬ ለልጅ ሳቅ ሆኖ ከመሸጡ በፊት የሰው ሕይወት አስከፍሏል።

እኔም ከዚህ ነፃ አይደለሁም። ለማስታወቂያ ሥራ ሞዴል ስንመርጥ መስፈርቱን የምጽፈው እኔ ነኝ፦ ወጣት፣ ቆዳዋ ጥርት ያለ፣ ጥርሷ ነጭ፣ ፈገግታዋ ሙሉ። በሠራሁባቸው ዓመታት በዕድሜ የገፋች ሴት አንድ ጊዜ ብቻ አስገብቻለሁ። እሷንም ያስቀመጥኳት «ከመጠቀሟ በፊት» በሚለው በኩል ነው። ያን ጊዜ ማንም ምንም አላለኝም። እኔም ራሴን ምንም አላልኩትም። አሁን ሳስበው ግራንቲ ቱቲን ያስገባችበትን ማሽን እኛ በየቀኑ ስልካችን ውስጥ ይዘነው እንዞራለን፤ ፊልተር እንለዋለን። ድስታችንንም በየቀኑ እንጠይቀዋለን፤ መልሱ የሚመጣው በላይክ ቁጥር ነው።

ድስቱ የእኛም ቤት አለ

ጥፋቱን ሁሉ ለጌሙ ሰጥቼ ልተኛ ስል ልጁ አንድ ነገር ተናገረ። «እማዬስ ካልበላህ እማማ ይወስዱሃል ትለኝ የለ?»

እህቴን አየኋት። አንገቷን ደፋች።

እንግዲህ እናንተስ፣ ውድ አንባብያን? «ዝም ካላልክ ለእሳቸው እሰጥሃለሁ» ብላችሁ አታውቁም? እኔ ልጅ ሳለሁ በሰፈራችን የምትፈራ አንዲት ብቸኛ ሴትዮ ነበረች። ምን እንዳደረገች የሚያውቅ አልነበረም። በራቸው አጠገብ ስናልፍ እንሮጥ ነበር፤ ለምን ቢሉን መልስ አልነበረንም። ጌሙ ያመጣው መልኩን ነው። ፍርሃቱን እኛው ከጉርሻ ጋር አጉርሰነዋል።

ይህ ነገር አገራችን ውስጥ ከቀልድ ያለፈ ታሪክ አለው። በሰው ዓይን ይበላል፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል እየተባለ «ቡዳ» የሚል ስም የሚለጠፍበት ማን እንደነበር አስታውሱ። ብረት ቀጥቅጦ ማረሻ የሚሠራው፣ ሸክላ ጠፍጥፋ ጀበናና ምጣድ የምትሠራው ናቸው። ማረሻውን እንፈልገዋለን፣ በጀበናው ቡና እናፈላለን፤ ሠሪውን ግን ከጋብቻም ከማዕድም እናርቀዋለን። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። አዋጅ ያስፈለገው ስድቡ በየቤቱ ስለነበረ ነው። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ ቃሉ ግን እስከ ዛሬ ከብዙ ቤት አልወጣም።

አንድ ነገር ግን ለባህላችን ልመስክርለት። የልጅነታችን ተረት ክፉውን እንኳ በማዕረግ ነበር የሚጠራው። ጅቡ ሆዳም ነው፣ ሞኝ ነው፣ ከሃዲ ነው፤ ቢሆንም «አያ ጅቦ» ነው። ተንኮለኛዋ ጦጣ «እመት ጦጢት» ናት። አባባ ተስፋዬ ለአርባ ዓመት ያህል በቴሌቪዥን ተረት ሲነግሩን ያደጋችሁ ይህን አትስቱትም። ክፉው የሚታወቀው በሥራው ነው። ሲበላ፣ ሲዋሽ፣ ሲከዳ እናየዋለን። ሽበቱን ወይም ጉብጠቱን አይተን የምንፈርድበት ገጸ ባሕርይ ብዙም ትዝ አይለኝም።

እንዲያውም አንድ ተረት አለን፤ ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁታል። ሚስቱ የሞተችበት ሰው ሌላ ሴት ያገባል። ልጁ እንጀራ እናቱን አልቀበልም ይላል። ያበሰለችውን አይበላም፣ ብታቅፈው ይሸሻል። ሴትዮዋ ወደ መድኃኒት አዋቂ ሽማግሌ ሄዳ «ልጁ የሚወደኝ መድኃኒት ሥራልኝ» ትለዋለች። እሱም በሕይወት ካለ አንበሳ ላይ የጢሙን ፀጉር አምጪ ይላታል። ሥጋ ይዛ ትሄዳለች። የመጀመሪያ ቀን ከሩቅ አስቀምጣለት ትሸሻለች። በማግስቱ ትንሽ ትጠጋለች። በሌላው ቀን ደግሞ ትንሽ። ብዙ ቀን ከለፋች በኋላ አንበሳው ከእጇ ይበላል፤ ያኔ ፀጉሩን በቀስታ ትቆርጣለች። ሽማግሌው ፀጉሩን ሲያይ «መድኃኒት አያስፈልግሽም፣ አንበሳውን ባላመድሽበት መንገድ ልጁንም አላምጂው» ይላታል።

የፈረንጁን ተረትና ይህን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። እዚያ እንጀራ እናቲቱ ልጅ ለመግደል ትነሳለች። እዚህ የልጁን ፍቅር ለማግኘት አንበሳ ፊት ትቆማለች። እዚያ አስማት አዋቂው መርዝ ይቀምማል። እዚህ «አስማት አያስፈልግሽም» ብሎ ይመልሳታል። ልጆቻችን የመጀመሪያውን በፊልምም በጌምም ያውቁታል። ሁለተኛውን የነገራቸው ስንቶቻችን ነን?

ተሸንፈን ያሸነፍንባት ማታ

ጌሙን አልከለከልኩም። የተከለከለ ነገር በጓደኛ ስልክ ላይ ይገኛል፤ ያውም እኔ በሌለሁበት። ይልቅ በማግስቱ እሑድ አጠገቡ ተቀመጥኩና አብሬው ተጫወትኩ። እጄ አልታዘዝ ብሎ ድቡን ሦስት ጊዜ ገደል ከተትኩት፤ ልጁ በሳቅ ሞተ።

እዚህ ላይ የጌሙ ሠሪዎች ያስቀመጧት አንዲት ትዕይንት ረዳችኝ። ተጫዋቹ ሙሉ በሙሉ ከተሸነፈ ማሽኑ ሥራውን ሲጨርስ ያሳያል። ግራንቲ ቀጭንና ቆንጆ ሆና ትወጣለች። ቱቲ ደግሞ አረንጓዴ፣ አስቀያሚ ሆና ትወጣለች። ልጁን «ሆን ብለን እንሸነፍ» አልኩት። ግራ ቢገባውም እሺ አለ።

ትዕይንቱ ሲመጣ «አሁን ጠንቋይዋ የትኛዋ ናት?» ብዬ ጠየቅሁት።

ቆንጆዋን አሳየኝ።

«ይቺ ግን ቆንጆ ናት እኮ።»

«ቱቲን ሰርቃለቻ!» አለ፣ ያልገባኝ መስሎት ተቆጥቶ።

«ይቺ አረንጓዴዋስ?»

«እሷማ ቱቲ ናት። አድርጋባት ነው እንጂ።»

ትንሽ ዝም ብዬ ቆየሁና «እማማስ ምን ሰረቁ?» አልኩት። ዝም አለ። መጫወቻውን አጠፋው፣ መልሶ አበራው። መልስ አልሰጠኝም፤ እኔም አልጨቀጨቅሁትም።

ያን ማታ የቁልፉን ታሪክ ነገርኩት። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማችን ሲደርስ እሱ ገና ሕፃን ነበር፤ እናቱ ጀርባ ላይ ታዝሎ ነው ሐረጎን የወረደው። ብዙ ሰው በአንድ ሌሊት ቤቱን ጥሎ ወጣ። እማማ «እኔ በዚህ ጉልበቴ የት እሄዳለሁ፣ እናንተ ሂዱ» ብለው ቀሩ። እናቴ የቤታችንን ቁልፍ ሰጠቻቸው። ስንመለስ፣ ከመቀነታቸው ጫፍ ቋጠሮውን በጥርሳቸው ፈትተው (ያኔ ሁለት ጥርስ ነበራቸው) ቁልፉን አወጡልን። እናቴ ያን ቁልፍ ይዛ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ልጁ እያዳመጠ ቆየና «ፈርተው አልነበር?» አለ። «እንዴት አይፈሩም» አልኩት።

ጌሙን ለጨረሱት አንድ ነገር ልጨምር። ግራንቲ ብሬንቲልዳ የምትባል ደግ እህት አላት። በዚያው ዋሻ ውስጥ እየተገኘች ድቡን ታክመዋለች፣ የእህቷን ምስጢር ትነግረዋለች፤ መጨረሻ አካባቢ ጠንቋይዋ የምታቀርበው ጥያቄ የሚመለሰው በእሷ ወሬ ነው። ሠሪዎቹ በአንድ እናት ልጆች ክፉውንም ደጉንም ማስቀመጣቸውን ወድጄላቸዋለሁ። ልጆች ግን አፍንጫዋን እንጂ እህቷን አያስታውሱም። ብሬንቲልዳን ማስታወስ የእኛ ሥራ ነው።

የአንበሳው ጢም

ከዚያ ወዲህ ያለውን በተረቱ መንገድ ሞከርነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ እማማ ሲመጡ ልጁን ማንም «ሂድ ሳም» አላለውም። ፈንዲሻውን በሳህን ይዞ፣ ከእሳቸው ሁለት እርምጃ ርቆ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠና ሮጠ። እማማ አላዩትም መስለው ዘገኑ። በሌላው ቅዳሜ የአቦሉን ሲኒ ራሱ አደረሰ፤ ግማሹ ማስቀመጫው ላይ ፈሰሰ። «አብሽር፣ ቡና ሲፈስ ለበረከት ነው» አሉት።

በሦስተኛው ቅዳሜ መጫወቻውን ይዞ መጣና ከፊታቸው ቆመ። እኔ ትንፋሼን ያዝኩ። ግራንቲን አሳያቸው። እማማ ስክሪኑን አርቀው፣ አቅርበው፣ ዓይናቸውን አጥብበው ተመለከቱ።

«ይቺ ናት እኔን የምትመስለው?»

ልጁ ወደ እኔ አየ። ቤቱ እንደገና ጸጥ አለ።

«ኧረ ይቺስ ጥርስ አላት!» አሉና ተንከተከቱ። ሁላችንም ሳቅን። ሳቁ ጋብ ሲል ግን በቁም ነገር ጠየቁት። «ልጅ የላትም እንዴ ይቺ ሴትዮ? ቡናስ ከማን ጋር ነው የምትጠጣው?»

«ድስት ብቻ ነው ያላት» አለ ልጁ። «ግን ያወራታል።»

«ታዲያ ከድስት ጋር ብቻ የምታወራ ሴት ምን ታድርግ?» አሉ እማማ።

የማርኬቲንግ ትምህርት ተምሬያለሁ፣ ስለ ደንበኛ ፍላጎትም ብዙ ስላይድ አዘጋጅቻለሁ። ስለዚያች ጠንቋይ ግን ይህን ጥያቄ የጠየቀ ሰው ሰምቼ አላውቅም። እኛ ወሎዬዎች ቡና ብቻህን አትጠጣም ስንል ነው ያደግነው። እማማ ራሳቸው ዱበርቲ ናቸው፤ ከእኩዮቻቸው ጋር ተሰብስበው፣ ቡናቸውን አፍልተው፣ ዕጣናቸውን አጭሰው ዱዓ ያደርጋሉ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ልጁ ሲታመም፣ ፈተና ሲደርስ፣ መንገድ ሲሄድ «ዱዓ አድርጉልን» ይላቸዋል። ቃላቸው እንደ ግራንቲ ቤት ይመታል፤ የሚወጣው ግን ምርቃት ነው። ልጁ አስማት ያየበት ያ ጭስ ለእሱም ጭምር የሚጸለይበት ጭስ ነበር።

በዚያ ቅዳሜ ጭንቅላቱን አልሰጣቸውም። እጁን ግን ሰጣቸው። መዳፉ ላይ እንትፍ እንትፍ አሉበት። በሱሪው ሊጠርገው አለና ተወው።

ወላጆች ሆይ

ከዚህ ትንሽ ታሪክ ለራሴ የያዝኳቸውን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ፣ ልጃችሁ የሚጫወተውን ጌም ቢያንስ አንድ ጊዜ አብራችሁት ተጫወቱ። መሸነፋችሁ ጥሩ ነው፤ ሲስቅባችሁ ልቡ ይከፈታል። በፕሌይስቴሽን ቤት የሚጫወትም ከሆነ ማታ «ዛሬ ክፉው ማን ነበር?» በሉት።

ሁለተኛ፣ ጥያቄያችሁ «ምን አደረገች?» ይሁን። «ምን ትመስላለች?» አይሁን። ልጅ በድርጊት መፍረድ ይችላል። ሰባት ዓመት ይበቃዋል፤ በዓይኔ አይቻለሁ።

ሦስተኛ፣ አረጋዊ ሰውን ማስፈራሪያ አታድርጉ። ሕክምናውንም፣ ፖሊሱንም፣ ጎረቤቱንም እንዲሁ። ዛሬ አንድ ጉርሻ ለማስዋጥ የምንናገረው ቃል ነገ አንድ ሰው ደጃፍ ላይ ሆኖ እጁን ዘርግቶ እንዲቀር ያደርጋል።

አራተኛ፣ ልጅን በግድ «ሳም» አትበሉ። የፈራ ልጅ ተጎትቶ ሲስም ፍርሃቱ አይለቀውም፣ ሳሚውንም ተሳሚውንም ያሳፍራል። ሁለት እርምጃ ርቆ የተቀመጠ የፈንዲሻ ሳህን ይሻላል።

አምስተኛ፣ ተረቱን ንገሩ። የአንበሳውን ጢም የምታውቁ አያቶች እያላችሁ ስክሪን ብቻውን አይንገራቸው። ጌም መሥራት የጀመራችሁ የአገራችን ልጆችም አደራ አለባችሁ። አዲስ አበባ ያለው ቅኔ ቴክኖሎጂስ «ኩኩሉ» በተባለው የሞባይል ጌሙ የእኛን ዶሮ ዋና ገጸ ባሕርይ አድርጎ አሳይቶናል። ዶሮ ጀግና ከሆነች፣ መቀነቷ ላይ የጎረቤት ቁልፍ የቋጠረች አሮጊት ምን ያንሳታል?

ለራሴም አንድ ቀጠሮ ይዣለሁ። ሰሞኑን አንድ የማስታወቂያ ሥራ ጠረጴዛዬ ላይ መጥቷል። የሞዴል መስፈርቱን እንደ ልማዴ «ወጣት» ብዬ ጀመርኩና ብዕሬን አቆምኩ። ዕድሜ የሚለውን ቦታ ባዶ ትቼ ላክሁት። አለቃዬ ምን እንደሚል ገና አላወቅሁም። ከጠየቀኝ የምመልሰውን ግን አዘጋጅቻለሁ፤ ደሴ ውስጥ አንድ ጥርስ ያላቸው፣ ሲስቁ ቤት የሚሞሉ ሴት አውቃለሁ እለዋለሁ።

የሚመጣው ቅዳሜ አራተኛው ነው። ጭንቅላቱን ይሰጣቸው ይሆን? እናቴ ይሰጣል ትላለች፤ እህቴ ገና ነው ባይ ናት። እማማን ብጠይቃቸው «ምን ያስቸኩለናል» አሉኝ።

እስከ ወሩ ሰላም ቆዩልኝ። ቡናችሁን ብቻችሁን አትጠጡ።